የመለሰ አይነሣም

ባለፈው ሰሞን ከወልድያ ወደ ላሊበላ ስመለስ ጋሸና ላይ መኪና ጠበቅሁ። ጋሸና የመጠበቂያ አገር ናት። የላሊበላ መንገድ ከዋናው ተገንጥሎ የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ እቃውን እግሩ ሥር አስቀምጦ የሚታጠፍለትን መኪና ሲጠብቅ ይውላል። ነፋሱ ደግሞ ሽማግሌ ነው፣ እንግዳ ነው ብሎ አያዝንም። እኔም በነጠላዬ ላይ ጋቢ ደርቤ አንዲት ምግብ ቤት ገባሁ። ቆርቆሮዋ አዲስ ነው፤ የበሯ መቃን ግን አሮጌና ጥቁር ነው። ባለቤቲቱ ዘነቡ ትባላለች። ወዲያው ተግባባን። ሽሮዬ እስኪንተከተክ ድረስ የኑሮዋን ግማሽ አጫወተችኝ። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ሲያልፍ ከቤቷ ቆሞ ያገኘችው ይህን መቃን ብቻ ነበር። ‹‹በር አለኝ፣ ቤት የለኝም ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ እማማ›› አለችኝ። ከጎረቤት ድስት ተዋሰች፤ መቃኑ ላይ ሸራ ወጠረች፤ ለሾፌሮች ሽሮ መሥራት ጀመረች። ቆርቆሮው ቀስ ብሎ መጣ።

ጥግ ላይ ልጇ ረድኤት ጠረጴዛ ትወለውላለች። ቁመቷ መለል ያለ፣ ዓይነ አፋር ልጅ ናት። እጇ ይወለውላል፤ አፏ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነው። ‹‹ዘ ማን ሁ… ዘ ሃውስ ዊች… ዘ ፕሌስ ዌር…›› ትላለች ለራሷ። ጆሮዬ ቆመ። እሷ እንደ ንባብ ትለዋለች፤ እኔ ግን ያንኑ በዜማ ነው የማውቀው።

‹‹ምንድን ነው እሱ ልጄ?›› አልኋት።

‹‹አያያዥ ቃላት ናቸው እማማ። ለፈተና ነው።›› አፈረች።

እናትየው ከምድጃው ሆና ቀበል አደረገች። ‹‹ፈተናውንማ ተፈትና ወድቃ! አሁን ደግሞ ድጋሚ ልቀመጥ፣ ወልድያ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ላጥና ነው የምትለኝ። እስቲ እርስዎ ይንገሩልኝ እማማ፤ እንግሊዝኛ ሽሮ ያማስላል?››

ሾፌሮቹ ሳቁ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ አልሳቅሁም። ይህችን ጥያቄ አውቃታለሁ። ልብሷን ቀይራ መጣች እንጂ የልጅነት ጎረቤቴ ናት።

እኔ ልጅ ሳለሁ ላሊበላ መብራት አልነበራትም። መሸት ሲል ማሾ የሚያበራ ቤት ከሩቅ ይለያል፤ የቀረነው በኩራዝ ነን። ደብተር በስሙኒ ይገዛል፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ የታተመበት፣ ወረቀቱ ስትጽፍበት የሚቀደድ። ቅዳሜ ገበያ ስንሄድ ኮንጎ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንወርድና ገበያው ዳር ስንደርስ ነው የምናደርገው። ኮንጎ ሲበጠስ በጋለ ቢላዋ ይጣበቃል፤ የእኔ ጫማ ከመጣበቁ ብዛት የፊተኛው ፕላስቲክ ይሁን የኋለኛው አይለይም ነበር። አበባ የፈሰሰበት የቺት ቀሚስ ያላት ልጅ ደግሞ የሰፈሩ ንግሥት ናት። ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ሬዲዮው ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ባትሪው ሲደክም ባለሻይ ቤቱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እንደ በርበሬ። ያን ጊዜ ዘፈኑ ቀጭን ሆኖ፣ እንደታመመ ሰው እያቃሰተ ይመለሳል። እኛ ሴቶቹ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድልን ግድግዳውን ተደግፈን እናደምጥ ነበር። ዛሬ ያ ሻይ ቤት ቦታ ላይ ሲሚንቶ ቤት ተሠርቶበታል፤ የልጅ ልጆቼም ዘፈኑን ከኪሳቸው ያወጡታል። በዚያ ስፍራ ሳልፍ ግን እጄ ሳያስበው ግድግዳውን ይዳስሳል።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። አባባ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም፤ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የምላቸው። ቤታችን ከከተማው ጠርዝ፣ ወደ አሸተን በሚያወጣው አቀበት ላይ ነው። ከደጃፋችን ከወይራው ሥር ድንጋይ በክብ ተደርድሯል፤ ጉባኤ ቤቱ እሱ ነው። ተማሪዎቹ ከሙጃም፣ ከኩልመስክም፣ ከዚያም ወዲያ የመጡ ናቸው። ጠዋት ግሱን ያወርዳሉ፤ ከሰዓት አገባቡን ይቆጥራሉ። አገባብ ማለት እነዚያ ትናንሽ ቃላት ናቸው፤ ብቻቸውን ሲቆሙ ምንም የማይመስሉ፣ ሁለት ነገር መካከል ሲገቡ ግን እንደ ልጓም ነገሩን የሚያዞሩት። እኔ ከውስጥ ሆኜ እህል እየለቀምሁ እሰማለሁ። ሴት ልጅ ጉባኤ ላይ አትቀመጥም፤ ጆሮዋን ግን ማን ያስረዋል? እህሉ ሲያልቅብኝ የተለቀመውን መልሼ እለቅመው ነበር።

የኔታ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በአካባቢው ሁሉ የታወቀ። ጥያቄ ለጉባኤው ይጥላሉ፤ ለማንም ብለው አይደለም፣ መካከል ላይ ነው የሚጥሉት። ያልመለሰ ከድንጋዩ ይነሣና ከኋላ ይቆማል። የመለሰ አይነሣም። ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ የሀብታም ልጅ ይሁን ለማኝ፣ ትናንት የመጣ ይሁን ከመጣ የቆየ፣ የመለሰ ከድንጋዩ የሚያስነሣው የለም። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ መጥቶ ለመቀመጫ አንዱን ምስኪን ተማሪ ገፋ አደረገው። የኔታ ከእጃቸው የማይለየውን የዝንብ ጭራ ማወዛወዝ አቆሙ። ጭራው ከቆመ ነገር ተቆርጧል ማለት ነው፤ ይህን ሁላችን እናውቃለን። ‹‹መልሷል›› አሉ። ‹‹የመለሰ አይነሣም።›› የትልቁ ሰው ልጅ ቆሞ ዋለ።

በቤት ውስጥ ግን የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ዓይነት ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ የአባቴ እኅት እትዬ ጥሩነሽ ናት። እትዬ ጥሩነሽ መልካም ሰው ነበረች፤ ነፍሷን ይማር፤ ግን ንግግሯ ሁሉ ጥያቄ ነበር። ‹‹ማን ነሽና ነው?›› ‹‹የት ልትደርሺ ነው?›› ‹‹ሴት ልጅ ተምራ ጳጳስ ትሆናለች?›› ‹‹ወንድ እያለ የምን መናገር ነው?›› ስትጠይቀኝ መልስ አትጠብቅም። ጥያቄው እንደ በር መዝጊያ ነው፤ አፍንጫሽ ላይ ይዘጋና በዚያው ይቀራል። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚናገረን። ጥያቄ ይሰጠናል፤ መልሱን ቀድመው ወስደውብናል።

የከተማው ትምህርት ቤት ሲከፈት የኔታ ላኩኝ። ለምን እንደላኩኝ ተናግረው አያውቁም። እንደሚመስለኝ የተለቀመ እህል ስለቅም አይተውኛል። ከፍ ስንል የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ይማም የሚባል የደሴ ልጅ ሆነ። ሱሪው ከታች እንደ ጥሩምባ የሰፋ፣ ጠጉሩ አፍሮ፣ በአፍሮው ላይ ማበጠሪያ የሚሰካ። እትዬ ጥሩነሽ መጀመሪያ ስታየው ‹‹ይሄ መወልወያ ለብሶ ነው የሚያስተምረው?›› አለች። ሱሪው አቧራውን ሁሉ ስለሚጠርግ አልተሳሳተችም።

አንድ ቀን ቲቸር ይማም ሰሌዳው ላይ እነዚያን ጻፈ። ሁ፣ ዊች፣ ዌር። ‹‹እነዚህ ሁለት ሙያ አላቸው›› አለን። ‹‹አንዴ ይጠይቃሉ፣ አንዴ ያያይዛሉ። ማን መጣ ብላችሁ ስትጠይቁ ሁ ትላላችሁ። የመጣው ሰውዬ ለማለትም ያችኑ ሁ ታመጣላችሁ። ግን ሰውዬው ይቀድማል፤ ቀጥሎ ሁ ትመጣለች፤ ታሪኩ ከኋላ ይከተላል።›› ለእኛ ይህ የተገለበጠ ጋቢ ነው። እኔ ግን ከወይራው ሥር ስሰማው የኖርሁት ነገር ሆኖ ታየኝ። ብእሲ ዘመጽአ ይሉ ነበር ተማሪዎቹ፤ ሰውዬው ቀድሞ፣ የመጣው ከኋላ። እጄን አነሣሁና ‹‹ቲቸር፣ ይሄማ የኔታ ጉባኤ ላይ አለ!›› አልሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ። እሱ ግን ‹‹እውነት? እኔ ግዕዝ አልተማርሁም፤ ነገ ሁለቱን አስተያይተሽ ንገሪን›› አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤት አቀበቱን የወጣሁት በሩጫ ነው፤ ኮንጎዬ ተበጠሰ፣ አልቆምሁም።

ሌሊቱን ያሰብሁት ግን ስለ ግዕዙ አልነበረም። በአማርኛችን ሰው ከታሪኩ በስተኋላ ነው የሚቆመው። ትናንት ከገበያ ሲመለስ በግ የጠፋበት፣ ወንድሙ ወታደር የሆነው፣ ብለን ብለን ሰውዬው መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል። ደስ ይላል፤ እንግዳ እንደማስጠበቅ ነው፤ ቋንቋዬን የሚነቅፍብኝ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ነገር ግን እኔን ማን ብሎ ነው የሚጠራኝ? የየኔታ ልጅ፣ ነገ ደግሞ የእገሌ እጮኛ፣ ከነገ ወዲያ የእገሌ ሚስት። ሁልጊዜ ከፊቴ አንድ ሰው አለ። በዚያኛው ቋንቋ ግን ዘ ገርል ይልና፣ ልጅቱን ብቻዋን ያቆማታል፤ ከዚያ ነው ሁ የምትመጣው። ከሁ በኋላ ያለው ቦታ ገና ባዶ ነው። ምን እንደሚሞላበት እሷ ታውቃለች። በኩራዝ ጭስ ውስጥ ተኝቼ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ያን ባዶ ቦታ እንደ ርስት ተመኘሁት።

ከሰነበተ በኋላ ቲቸር ይማም ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን። ሁ ኖውስ። ሁ ኬርስ። ማን ያውቃል፣ ማን ግድ አለው እንደማለት ነው። ‹‹ይህ መልኩ ጥያቄ ነው፤ ሆዱ ግን ጥያቄ አይደለም›› አለ። ‹‹ጠያቂው መልስ አይፈልግም፤ ሐሳቡን ጨርሶ ነው የሚናገረው።›› እኔ እትዬ ጥሩነሽ መካከላችን ቆማ የታየችኝ መሰለኝ።

‹‹ቲቸር፣ ቢመለስለትስ?›› አልሁ።

‹‹ምኑ?››

‹‹መልስ ለማይፈልገው ጥያቄ አንድ ሰው ተነሥቶ ቢመልስለት ምን ይሆናል?››

ማበጠሪያውን ከአፍሮው አውጥቶ መልሶ ሰካው። ‹‹ለእሱ ሕግ አላስተማሩንም›› አለና ሳቀ። ‹‹ጠያቂው ይደነግጥ እንደሆን እንጃ።››

ጥምቀት ሲያልፍ ከኩልመስክ ሽማግሎች መጡ። እንደ ወጉ በማለዳ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ በሬ ያለው፣ በቅሎ ያለው ቤት ልጅ ነው፤ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፣ ጆሮው ትልልቅ ነው። እኔ ስለ ጆሮው አልነበረም ጭንቀቴ። የኔታ እሺ ካሉ ከፋሲካ በኋላ ኩልመስክ ነኝ፤ ደብተሩም፣ ወይራውም፣ ሰሌዳውም በዚያው ያበቃል። የኔታ ደግሞ እምቢ ለማለት ምክንያት የላቸውም። አገሩ የሚያከብረው ቤት ነው የጠየቀው። እትዬ ጥሩነሽ ጠላውን ከጠነሰሰች ሰንብታለች፤ ማን እንደነገራት እግዜር ይወቅ።

ሽማግሎቹ ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ ‹‹ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም›› አሉ፤ ወጉ ነው። አፈ ጉባኤያቸው አያ በሪሁን የሚባሉ፣ ንግግር የሚያምርላቸው ሰው ነበሩ። እኔና እትዬ ጥሩነሽ ከግርዶሹ ጀርባ ቆመናል። አያ በሪሁን የወንዱን ቤት አወደሱ፣ የእኛን ቤት አወደሱ፣ አምላክን አመሰገኑ፣ ጠየቁ።

‹‹ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት›› አሉ የኔታ።

‹‹ሰምተናል የኔታ፣ ሰምተናል! የፈረንጅ ቋንቋ ነው አሉ!›› አያ በሪሁን ወደ ጓደኞቻቸው ዞር ብለው ፈገግ አሉ። ‹‹እንዴው ለመሆኑ፣ ሴት ልጅ የፈረንጅ ቋንቋ ተምራ ከማን ጋር ልታወራበት ነው?››

ሽማግሎቹ ሳቁ። እትዬ ጥሩነሽም አጠገቤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። በግርዶሹ ቀዳዳ የኔታን አየኋቸው። እሳቸውም ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ጭራው ቀስ አለ። ቀስ አለ። ሊቆም ነው። ጭራው ሲቆም እሺ ሊሉ ነው፤ እሺ ካሉ ደግሞ የኔታ ቃላቸውን አያጥፉም።

‹‹ከራሴ ጋር!›› አልሁ።

ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ።

‹‹ማን ነው የተናገረው?›› አሉ አያ በሪሁን።

‹‹እኔ ነኝ፣ አዝመራ። ከማን ጋር ታወራበታለች ብለው ጠየቁ። መጀመሪያ ከራሴ ጋር ነው አያ በሪሁን። ሰው ሲመጣ ደግሞ ከሰው ጋር።››

እትዬ ጥሩነሽ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ጥፍሯ የገባበት ዛሬም ያለ ይመስለኛል። ከወዲያ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ። ‹‹የኔታ!›› አሉ አያ በሪሁን፤ ያ የሚያምረው ንግግራቸው ተንተባተበ። ‹‹የኔታ፣ ይሄ እኮ ጥያቄ አልነበረም! ለጨዋታ ያህል ነው እንጂ፣ ማን መልሺ አላት?››

‹‹ከማን ጋር ብለዋል›› አሉ የኔታ ረጋ ብለው። ‹‹እኔም ሰምቻለሁ። ጥያቄ መካከል ላይ ጣሉ፤ ልጅቱ አነሣችው።››

‹‹የኔታ ምን ማለትዎ ነው?››

‹‹እኔ ዘንድ ሕግ አለ፤ እርስዎም ያውቁታል፤ የወንድምዎ ልጅ ከዚሁ ነው የተማረው።››

‹‹አዬ የኔታ! ያ ሕግ ለተማሪ ነው እንጂ ለሴት ልጅ ነው እንዴ?››

‹‹ለመለሰ ነው›› አሉ የኔታ።

የአያ በሪሁን ሁለተኛ ጥያቄም መልስ አገኘ። ጭራው ቆሞ ነበር። ‹‹አዝመራ›› አሉኝ የኔታ ወደ ግርዶሹ ሳይዞሩ፤ ‹‹ቆመሽ እንደሆን ቁጭ በይ። የመለሰ አይነሣም።›› ቁጭ አልሁ። ሽማግሎቹ ሳይቀመጡ፣ እንደቆሙ ወጡ። ዱላቸው በድንጋዩ ላይ ሲያንኳኳ እስከ አቀበቱ ሥር ይሰማኝ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ራሷን ይዛ ‹‹እሺ አሁን ይሄ ሁሉ ጠላ ምን ሊሆን ነው?›› ስትል፣ ቀኑ የመመለስ ቀን ነበርና ‹‹እኛ እንጠጣዋ!›› አልኋት። ልትመታኝ እጇን አነሣች፤ ወዲያው ግን ሳቋ አመለጣትና በዚያው እጇ አፏን ያዘች። ጠላው ለቅኔ ተማሪዎቹ ተሰጠ። ያን ቀን የተቀኙትን ቅኔ ብትሰሙት!

ነገሩ በዋዛ አልቀረም። አገር አወራብን። የኔታን ‹‹በልጁ አፍ የሚዳኝ›› አሏቸው። ከኩልመስክ በኩል የመጡ ተማሪዎች አባቶቻቸው ጠርተዋቸው ሄዱ፤ ወይራው ሥር ባዶ ድንጋይ በዛ። ቅዳሜ ገበያ ስወርድ ደግሞ ልጃገረዶቹ ዘፈን አውጥተውልኝ ጠበቁኝ።

‹‹ከራሷ ጋር አውጊ፣ ከራሷ ተጫዋች፣
ሽማግሌ መጥቶ ሳይቀመጥ ሸኘች።››

መጀመሪያ ቀን አለቀስሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ኮንጎዬን አድርጌ፣ መካከላቸው ገብቼ፣ እጄን እያጨበጨብሁ አብሬ ዘፈንሁት። ቤቱ እኮ ይመታል! እንዲያውም ከእነሱ በተሻለ ነበር የምለው፤ ድምፅ ነበረኝ ያኔ። ከሦስተኛው ገበያ በኋላ ያን ዘፈን ማንም አላነሣው።

የኔታ ስለዚያ ቀን የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማታ እራት ስናበቃ ‹‹መልስሽ አጭር ነበር›› አሉኝ። ‹‹ቅኔ ቢሆን ቤት አይመታም።›› ከዚያ ደግሞ ‹‹የመለሰ አይነሣም ማለት ተቀምጦ ይሠራል ማለት ነው። እስቲ የዚያን ፈረንጅ አገባብ ቁጠሪልኝ።›› እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው ዓይኔን ጨፍኜ፣ በአገባቡ ዜማ ወረድሁት፤ ሁ፣ ዊች፣ ዛት፣ ዌር። የኔታ በጭራቸው ምት ይጠብቃሉ። መካከል ላይ አስቆሙኝ።

‹‹ለወንድ ዘ፣ ለሴት እንተ እንላለን። እነሱ ለሴት የትኛዋን አሏት?››

‹‹ያችኑ ሁ ነው የኔታ። ለወንድም ለሴትም አንድ ናት።››

‹‹አንድ?››

‹‹አንድ።››

ኩራዙ ተንጫረረ። ‹‹ድህነታቸው ነው›› አሉ በመጨረሻ፤ ‹‹ግን ጥሩ ድህነት ነው። ቀጥዪ።›› ጉባኤው ላይ በድንጋዩ አላስቀመጡኝም፤ ያን ያህል አልሄዱም፤ እኔም ሄዱ ብዬ አላሳምራቸውም። ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ እህል የምለቅመው ከግርዶሹ ጀርባ አልነበረም። ከደጃፉ ላይ፣ ከወይራው ፊት ለፊት ነበር፤ አንድም ሰው ግቢ አላለኝም።

ከስምንተኛ ክፍል በላይ በከተማችን አልነበረም። ወልድያ የሚያስጠጋኝ ዘመድ የለኝ፤ ዘመኑም ተለዋወጠ፤ ቲቸር ይማምም በሰፊ ሱሪው አቧራውን እየጠረገ ሄደ። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ጥልፍ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈትሁ፤ እንግዳ ሲመጣ አወራለሁ፣ እንግዳ ሲጠፋ ከራሴ ጋር አወራለሁ፤ ለአያ በሪሁን እንደነገርኋቸው ማለት ነው። እንግዶች ትተውት የሚሄዱትን መጽሐፍ ሁሉ አነበብሁ፤ የስፌት መኪና መመሪያም፣ የፍቅር ታሪክም፣ መጨረሻው የተገነጠለ የወንጀል ታሪክም። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ባልም አገባሁ፤ ሽማግሌ ሲመጣ እሺ ያልሁት ራሴ ነኝ። ዛሬ ከስምንተኛ ክፍል ምን ሰው ይወጣል የሚሉ አሉ። እኔ እወጣለሁ። ጠይቀው እንደሆን ይኸው መልሱ።

ጋሸና ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ሰሃን ሽሮ ውስጥ አለፈብኝ። ከሐሳቤ ስነቃ ዘነቡ ገና ከልጇ ጋር እየተጨቃጨቀች ነበር። ‹‹ይቅርብሽ አልሁ፤ ሾፌሩን አስተናግጂ። ደግሞስ የወደቀ ተነሥቶ ያውቃል?››

ረድኤት መወልወያዋን ጨምቃ በአጠገቤ ስታልፍ እጇን ያዝ አደረግኋት። ‹‹ተጠየቅሽ እኮ›› አልኋት።

‹‹ይሄ ጥያቄ አይደለም እማማ። እማዬ ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች።››

‹‹በእኛም አገር ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚሉት። ጥያቄ ነው። መልሺ።››

አየችኝ። ምን ዓይነት አሮጊት ናት ብላ ይሆናል። ከዚያ ዓይኗ ከእኔ ተነሥቶ በሩ ላይ አረፈ። ‹‹አዎ›› አለች፤ በጣም ቀስ ብላ።

‹‹ምን አዎ?›› አለች ዘነቡ ከድስቱ ሳትዞር።

‹‹የወደቀ ተነሥቶ ያውቃል ወይ አልሽኝ። አዎ፣ ያውቃል። አንቺ።››

ማማሰያው ቆመ። አንዱ ሾፌር ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ ቀረ። ዘነቡ ቀና አለችና በሩን አየችው፤ ያን ጥቁር መቃን። ‹‹አፏን አያችሁልኝ!›› አለች ለሾፌሮቹ። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ መጥታ መወልወያውን ከልጇ እጅ ተቀበለችና የተወለወለውን ጠረጴዛ እንደገና መወልወል ጀመረች።

‹‹አክስትሽ ዘንድ›› አለች፤ ‹‹መቼ ነው መሄድ ያለብሽ?››

ይህኛው የእውነት ጥያቄ ነበር። ልጅቷ ግን መካከል ላይ ቆማ እጇን የምታደርግበት አጥታለች። አጠገቤ ያለውን በርጩማ በእግሬ ሳብሁላት።

‹‹ቁጭ በይ›› አልኋት። ‹‹የመለሰ አይነሣም። በይ አሁን ከሁ ጀምሪ፤ ዜማውን እኔ አስይዝሻለሁ።››

ያን ጊዜ ነው የመኪናው ጥሩምባ የጮኸው። ረዳቱ በነፋሱ ውስጥ ጋቢውን ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ‹‹ላሊበላ! ላሊበላ! የመጨረሻ ነው፤ ማን ቀረ?››

‹‹እኔ!›› አልሁት ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከተቀመጥሁበት ግን አልተነሣሁም።